ባዶ፣ ተመልሷል

እርሳሴን ከጆሮዬ ኋላ ሰክቼ፣
አሥራ አንድ ዓመት በዚህ በር ተገትሬ ሰንብቼ፣
በኮምቦልቻ ዝናብ፣ በኮምቦልቻ ሐሩር
ሰማያዊ ሣጥን ስቆጥር፣ ስቆጥር።

የፍሬን ሸራ ነው ምርታችን፤ ለመኪና መገጣጠሚያው ሞጆ ድረስ ይጫናል።
ሣጥኑ ግን አይሸጥም፤ ተራግፎ ይመለሳል።
ሞልቶ ይሄዳል፣ ባዶ ይመጣል፤ ይኸው ነው ሕጉ፤
ባዶ ነገር እንዲህ የሚናፈቅበት የት አለ ወጉ?

ሙሄ ከመንገድ ሲገባ፣ የጣርማበር ጉም ጃኬቱ ላይ፣
"ስንት?" ስለው "ሠላሳ" ይላል፣ ከመሪው ሳይወርድ፣ ሳያይ።
"ሠላሳ" ብዬ እጽፋለሁ።
ዝናብ ነው፣ ደብተሩ ይርሳል፤ ሰው ደግሞ ሰው ያምናል፤
ሠላሳ የተባለ ሣጥን ሠላሳ ሆኖ ያድራል።

አምና ጦይባ መጣች፤ መሐንዲስ ናት፣ የደሴ ልጅ፤
በየሣጥኑ ጎን ለጠፈች አንዳንድ መለያ በእጅ፣
ከአውቶቡስ ቲኬት የማትበልጥ፣ ሆዷ ውስጥ የተጠማዘዘ ሽቦ።
"ባትሪ የላትም" አለችኝ፣
"ዘመኗን ሙሉ ትተኛለች፤
በሬዲዮ ሞገድ ሲጠሯት ብቻ
ባንና 'አቤት' ትላለች፤
ቁጥሯን ተናግራ መልሳ ታንቀላፋለች።"

ቀናሁባት፣ አልዋሽም።
በዚህ ግቢ አሥራ አንድ ዓመት "አንተ ቆጣሪ!" እንጂ
በስሜ የጠራኝ የለም።

የሚጠራት ዓምድ ግን ጅቡቲ ወደብ ከረመ።
ዘንድሮ ደርሶ ከበሩ ግራና ቀኝ ቆመ፣
አፍ የለው፣ ዓይን የለው፣ ጆሮ ብቻ የሆነ።
ሙሄ ገባ። "ሠላሳ" አለ።
ዓምዱ "ሃያ ስድስት" ብሎ በየነ።
ሙሄ ዓምዱን አየ፤ እኔ ሙሄን አየሁ፤
ደብተሬን በብብቴ ይዤ ጥግ ፈልጌ ሸሸሁ።

ተደመረ፣ ተቀነሰ፤ ሁለት መቶ አሥራ አራት ጎደለ።
በደብተሬ ግን ሁሉም አለ፣
በእጄ ጽሕፈት፣ በቀይ መስመር፣ ፊርማዬም ከሥሩ አለ።

ጦይባ አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።
የእጅ ማንበቢያዋን ሰጥታኝ፣
"ሂድና ጥራቸው" አለች፣ "ገበያ በሚቆምበት አገር።"

ሰኞ ባቲ ወረድኩ።
ግመል ከግመል ሲጋፋ፣ ጨው በአሞሌ ሲደረደር፣
እንደ ሽጉጥ የመሰለ ነገር ወድሬ በየተራው ስዞር፣
ሰው ገሸሽ እያለ ሲያየኝ፣
ከቲማቲም ተራ በኩል አንዲት ድምፅ "አቤት" አለችኝ።

አራት መቶ አሥራ ሰባት።
ቀለሙ በፀሐይ ነጥቷል፤
የተሰነጠቀ ጎኑ በሲባጎ ተሰፍቷል፤
ቲማቲም እስከ አፉ ሞልቷል።

"የኔ ነው!" አለች ሉባባ፣ "ሰማንያ ብር ቆጥሬበት!"
ከማን? አላልኳትም፤
እኔ ነኝ "ሠላሳ" ብዬ የፈረምኩለት።
"ዓመት ሊሞላው ነው፣ ከደጋን በጀርባዬ ሳመላልሰው፤
የናንተ ከሆነስ እስከ ዛሬ ማን ፈለገው?"

መልስ አልነበረኝም። ሰንጢ ነበረኝ።
መለያዋን ከጎኑ ላጥኩ፤ ሣጥኑን ለሉባባ ተውኩ፤
ያቺን ቁራጭ በሸሚዜ ኪስ፣ በግራ በኩል ከተትኩ።
ሁለት ኪሎ ቲማቲምም ገዛሁ። ምን ላድርግ፣ አፍሬ ነው።

በማግስቱ፣ ቦርከና ላይ ጭጋጉ ገና ሳይነሣ፣
በሩን ሳልፍ ዓምዱ ጮኸ፤
አራጋው ጥበቃው ዱላውን አነሣ።
ስክሪኑ ላይ በአረንጓዴ፦
አራት መቶ አሥራ ሰባት። ባዶ። ተመልሷል።

አራጋው ከኋላዬ ሣጥን ፈለገ፤ የለም።
ወደኔ ዞረ፤ ከላይ እስከ ታች አየኝ፣ አልተናገረም።
እጄን ኪሴ ላይ አድርጌ ቆምኩ።
ሌላውን ስቆጥር ኖሬ
ያን ጠዋት ገና ተቆጠርኩ።

"አቤት" አልኩ፣ ማንም ሳይጠራኝ፤ ገባሁም።
ሁለት መቶ አሥራ ሦስት ይቀራል።
ሙሄ ግን ዛሬ አልመጣም።