አንዲት ጥርስ

«ሲነሳ ይንዘፈዘፋል» አሉኝ ዶን ኦያርሱን፣
ከኮፍያቸው ላይ እያራገፉ አቧራውን።
«ከቆመበት ተነስቶ እስከ ሃያ ድረስ
ይርገፈገፋል ልጄ፣ ፑማ እንዳየ ፈረስ።
ሃያን ካለፈ ግን ጭጭ፤ ለጥ ብሎ ይሄዳል፤
ወይ እኔ አብጃለሁ፣ ወይ እሱ ይዋሻል።»

ሁለት ዓመት ሙሉ በየጋራዡ ዞሩ፤
አንዱ «ጎማ ነው» አለ፣ አራቱን ቀየሩ።
ሌላው «ፍሪሲዮን ነው፣ ካምቢዮው ይውረድ» አለ፣
የስልሳ በግ ጠጉር ካምቢዮ ላይ ዋለ።
ሪዮ ጋሼጎስ ወርደው በኮምፒውተር ታየላቸው፣
«ስህተት የለም» የሚል ወረቀት ሰጧቸው።
አማቻቸው ደግሞ፣ መኪና የማያውቀው፣
«መንገዱ ነው» ብሎ በአንድ ቃል ዘጋው፤
ከዚያ ወዲህ ዶን ኦያርሱን ጠጠሩን ሲረግሙ፣
ጠጠር ያፈሰሰውን ሲረግሙ ከረሙ።

እኔ ግን አልቸኮልኩም። ከጎናቸው ገባሁ።
በሩን ከፓታጎኒያ ንፋስ ተናንቄ ዘጋሁ።
ጫማዬን አውልቄ፣ በካልሲ፣ ባዶውን
የወለሉን ላሜራ ረገጥኩት መሀሉን።
(ጆሮ ይታለላል። ሞተር ያወራበታል፣
ንፋስ ያወራበታል። ውስጥ እግር ግን ያውቃል።)

«ይንዱ» አልኩ። ነዱ። መጣ። ልክ ከእግሬ ስር
እንደታፈነ ሰው ማንኳኳት ጀመር።
«ማርሹን ባዶ ያርጉት፣ በራሱ ይንሸራተት» —
ጠፋ። ጎማ አይደለም። አንዱን ሰረዝኩት።
«ይቁሙና ሞተሩን ያስጩሁት እስኪያናፋ» —
ጸጥ። ሱፖርቶም አይደል። ሁለተኛው ጠፋ።
«አሁን ዳገቱን እንውጣ፣ የመኖ ጆንያ ጭነን» —
መጣ፣ እጥፍ ሆኖ፣ ጥርሳችንን ሲያንገጫግጨን።
ፊቱ ጤነኛ ነው። ኋላውም ጤነኛ።
ማንም ያልጠየቀው መሀሉ ነው በሽተኛ።

በካርቶን ተንፏቀን ከሆዱ ስር ገባን፣
እኔና ተለማማጄ ኔሬዮ፣ ባትሪ ይዘን።
ክሮቸራውን ወዘወዝኩት፤ ንቅንቅ አይልም።
ኩሽኔታውን አዞርኩት፤ ኮሽታ የለም።
ጭቃውን፣ የበግ በጠጡን ፈቅፍቄ
ካርዳኑን አየሁት በጨርቅ ወልውዬ፦
ሁለቱ ሹካዎች አንድ ፊት ማየት ሲገባቸው
አንዱ ዘወር ብሏል። የተኳረፉ ባልና ሚስት ናቸው።
አንዲት ጥርስ። አንዲት ብቻ። የትንሽ ጣት ጥፍር።
አጠገቧ ነጭ ቀለም፤ ሁለት አጭር መስመር፣
ሊገጥሙ ተሰምረው ሳይገጥሙ የቀሩ፣
ጫፋቸው ላይ እንደ መንጠቆ የዞሩ።

ያን መንጠቆ አውቀዋለሁ።
ብሩሽ ሳነሳ እጄ እንደዚያ ይላል፣ ሳላዘው።

ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው።

ሰኔ ነበር፤ ሰኔ እዚህ በረዶ ነው።
መብራት ጠፋ። አስራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ጨለመ።
«ነገ እንግጠመው» አለኝ ኔሬዮ።
እኔ ግን «ለዚህ ዓይን አያስፈልገኝም» ብዬ
በዳበሳ ገጠምኩት፣ እያፏጨሁ።
ዶን ኦያርሱን በማግስቱ ወሰዱት።
ሁለት ዓመት ሁሉ ጋ ሲሄዱ እኔ ጋ ያልመጡት
«እሷ ነክታዋለች፣ እዚያ ምን ይበላሻል» ብለው ነው።

አራት ቡሎን ናት። ነቅዬ፣ አንዲት ጥርስ አዙሬ
መልሼ ባጠብቅ ሩብ ሰዓት አይፈጅም።
ኔሬዮ የባትሪውን ብርሃን
ከነጩ ቀለም ላይ አነሳና ወደ ጎማው አዞረ። ልጁ ገብቶታል።
ከውጭ የዶን ቦት ጫማ ይታየኛል፤
ማቴያቸውን በቧንቧ ሲመጡ ይሰማል።
«ምን አገኘሽ?»
ለመዋሸት የሚበቃ ጊዜ ነበረኝ፣
አራቱን ቡሎን እስካጠብቅ ድረስ።

ወጣሁ። «ያበላሸሁት እኔ ነኝ» አልኩ።

ዝም አሉ። ንፋሱ የጣሪያውን ቆርቆሮ
ሲያነሳ፣ ሲጥል።
ከዚያ የፊቱን ጎማ በእግራቸው ነካ አርገው
«መቼም» አሉ፣ «ጎማዎቹ አሁንም አዲስ ናቸው።»
ሂሳብ ጠየቁ። ራሴን ነቀነቅኩ።

ሲሄዱ ከጋራዡ በር ቆሜ አየሁ፦
አምስት፣ አስር፣ አስራ አምስት፣ እንደ ውሃ።
ሃያ ሊገባ ሲል የፍሬን መብራቱ በራ፤
ጠፋ፤ ደግሞ በራ።
መኪናው ረስቶታል፣ እግራቸው ግን ፈራ።