ሁለት ጣት

አዌቱን ተሻግሮ፣ ከሂርማታ ጓሮ፣
ዝናብ ያረጠበው የብረት ክምር ሥር፣
ሸረፋ ሻንሲውን በእግሩ ገፋ አድርጎ፦
«ያው ነው፣ የአንድ እናት ልጅ! ምን ይሠራል ሲባጎ?
ያንተም ዶልፊን፣ ይኸም ዶልፊን ነበር፤
ዓይንህን ጨፍነህ ውሰደው በዚህ ብር።»

እኔ ልከፍል ነበር፤ እጄ ኪሴ ገብቶ፣
ጣሂሮ ክንዴን ያዘኝ ከኋላዬ መጥቶ።

ትናንት ማታ ከመኪናዬ ሆድ ሥር ተንጋሎ
ከብሎን ቀዳዳ እስከ ብሎን ቀዳዳ የለካባት፣
ያቺን ባለ ሁለት ቋጠሮ ሲባጎ
ጭቃው ላይ ተንበርክኮ ብረቱ ላይ ዘረጋት።

ሁለት ጣት ጎደለ።

«ሁለት ጣት ምን አላት? መዶሻ ይስባታል!»
ጣሂሮ ዝም። በሳንቲም ጠርዝ ፋቀ፣
ትኩሱ ጥቁር ቀለም ተልጦ ወደቀ፣
የብየዳ ጠባሳ ከሥሩ ሳቀ።

«ጎማ ብትሳሳት ትቀይረዋለህ፣
በር ቢላላ በሽቦ ታስረዋለህ፤
ይኼ ግን አጥንት ነው፤ ጊቤ ቁልቁለት ላይ
አሥራ ሁለት ነፍስ ጭነህ ትጠየቅበታለህ።»

ከአጥሩ ጥግ አንዱ፣ ዶሮ ያረፈበት፣
ቀለም ያልጎበኘው፣ ዝገት የወረሰው፤
ሲባጎው ሲዘረጋ ቋጠሮ ለቀዳዳ
ልክክ።
ፊደሉንም በጨርቅ ጠርጎ ከሊብሬዬ አስተያየው፤
ያው ነው። አሁን ያው ነው።

ደስ አለኝ።
ከዚያ በጎኑ፣ በሚስማር የተጫረ፣
የልጅ እጅ ጽሑፍ፦ «ዙቤይዳ»።

«የማን መኪና ነበር?» አልሁ።
ሸረፋ ጣቱን በምራቁ አርሶ ብሬን ቆጠረ።
ጣሂሮ ሲባጎውን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ፤
«እሱን» አለኝ፣ «በምን ልለካልህ?»