ማን ሞተ ቢሉኝ

ለገሃር፣ ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ጀርባ፣ የእድር ድንኳን ተክለናል፤
ጤና ጣቢያው የራሱ የለው፣ በደብዳቤ ተውሰናል።
መንገደኛው ኮፍያውን ያወልቃል፣
ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ማን ሞተ?" ይላል።
"ማንም፤ እንዳይሞት ነው" ስለው፣
ግራ ገብቶት ያልፋል።
አንዲት ሴትዮ እንዲያውም ትናንት ሃያ ብር አስጨብጠውኝ፣
"እግዜር ያጽናሽ" ብለው ሄዱ፣ መልስ እንኳ ሳይጠብቁኝ።

ሐምሌ ነው። የሸራው ሆድ ውሃ ቋጥሮ ይነፋል፤
በመጥረጊያ እንጨት ስገፋው፣ በአጥሩ ሥር ይደፋል።
ጠረጴዛዬ ላይ ጓንት፣ መርፌ፣ ክዳኑ ቀይ የአክታ ዕቃ፣
"በነፃ ነው፣ በፈቃድ ነው" የሚል ወረቀት፣ ፊደሉ ደቃቃ።
ሌሊት ከኤርፖርት የመጡት፣
ስድስት ዓመት፣ አሥር ዓመት በአንድ ፌስታል የገባላቸው፣
ወንበሩን ሞልተው ተቀምጠዋል፤ ሳል ነው የሚያነጋግራቸው።

"ስምሽ?"
"ጦይባ። ከሐርቡ።"
ጂዛን ሰው ቤት አምስት ዓመት፣ እስር ቤት ደግሞ ስምንት ወር።
"ምርመራ ነው፣ አትፍሪ" አልኳት። ቃሉ ገና ከአፌ ሲወጣ፣
ሁለት እጇ ሳይታዘዝ ወደ ጀርባዋ መጣ።

ምን ላድርግ? አንድ ቃል ነው ያለን፣ ለፖሊሱም ለእኔም፤
ካኪ ለበሰ፣ ጋውን ለበሰ፣ ሌላ ስም የለውም።

"ስንተኛው ምርመራ?" አለች።
"ደላላው መረመረኝ፣ የድንበሩ ወታደር መረመረኝ፣
እመቤቲቱ የትራሴን ጨርቅ ሳይቀር።
እዚያም ደሜን ቀዱ፣ ደረቴን በመብራት አዩ፤
'ጥላ አለብሽ' አሉኝ፤ ጥላውን ግን አላሳዩ።
አሻራዬን አንስተው፣ በሌሊት ጫኑኝ።
እናንተስ ብታገኙብኝ? ከዚህ ወዲያ ወዴት ልትመልሱኝ?"

"ለማንም አንናገርም" አልኩ፣ እንደተማርኩት።
"መድኃኒቱ ስድስት ወር ነው፤ ያድናል።"
ከኋላዋ የተሰለፈው ሁሉ አንገቱን አስግጎ ይሰማል።
ሸራ ጆሮ እንጂ በር የለውም።
ይህን እኔም አውቃለሁ፤ እሷም አላጣችውም።

አየችኝ፣ ረጅም።
"አንቺስ፣ ተመርምረሻል?"

ስድስት ዓመት በሰው ሳል ፊት ተቀምጫለሁ።
የራሴም ከሚያዝያ ወዲህ አለቀቀኝም፤
"የመንገዱ ቁፋሮ ነው፣ አቧራ ነው" እላለሁ።
አለቃዬ ሁለቴ "ተመርመሪ" ብሎኛል፤ "ነገ" ብያለሁ።
መዋሸት ይቻል ነበር።
"አይ" አልኳት።
ሳቀች፤ ከላይ አንድ ጥርስ የላትም።
"በይ እንግዲህ፣ ቅደሚ።"

ከድንኳኑ ጀርባ፣ ነፋስ ባለበት፣ ከአጥሩ ሥር ቆምን።
"ከጉሮሮሽ አይደለም፣ ከደረትሽ" አልኳት፤ ለራሴም ጭምር፤
ሳልን፣
በብርድ ጠዋት አልነሳ እንዳሉ ሁለት አሮጌ ሚኒባሶች።
አርባ አንድ የእሷ፣ አርባ ሁለት የእኔ፤ በእስክሪብቶ ጻፍኩበት፤
እጄ ትንሽ ተንቀጠቀጠ፤ ብርዱ ነው አልኩት።

ውጤቱ ሐሙስ ነው። ስልክ የላትም፤
የአክስቷን ልጅ ቁጥር ሰጠችኝ፤ አንድ አሃዝ ጎድሎታል፣ አታስታውሰውም።
"ሐሙስ እመጣለሁ" አለች፤ "የአንቺን ልስማ።
የእኔን ያን ጊዜ እናያለን።"

ዝናቡ ሲያባራ አንድ ሽማግሌ ዣንጥላቸውን አጥፈው፣
ከድንኳኑ ደጃፍ ቆሙ፣ አንገታቸውን ደፍተው፤
"ማን ነው የሞተው፣ ልጆቼ?"
አፌን ሳልከፍት ጦይባ ቀደመችኝ፦
"ገና አልታወቀም፣ አባባ፤
ሐሙስ ይነግሩናል።"