ትርፍ

የአምባዛ እሾህ ነው የወጋህ ይላሉ።
እኔ መቼ አውቄ፤
ሦስት ቀን ሙሉ ሥራ ላይ ውያለሁ
እሾሁን ቦት ጫማዬ ውስጥ ደብቄ።
አልቆረቆረኝም።
ስኳር የሚሉት እንግዳ ሰው ቤት ሲገባ
መጀመሪያ የሚሰርቀው ሕመምን ነው፤
ሌላውን ቀስ ብሎ ያወጣል።

ልጄ ምንታምር ናት፣ እግሬን ልታጥብ ጎንበስ ብላ
«አባዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?» ያለችኝ።
አውራ ጣቴ እንደ ኑግ ጠቁሯል።
ሽታውን አፍንጫዬ አልለየውም፤
ሃያ ሁለት ዓመት አሞራ ገደል ለቆመ ሰው
የሚሸት ነገር አዲስ አይደለም።

«እናተርፈዋለን» አለች ሐኪሟ።
ነጋዴ ነኝና ጆሮዬ ቃሏን ያዘ፤
«ስንት ይተርፋል?» አልኳት።
በእስክሪብቶ እግሬ ላይ መስመር አሰመረች፣
ከጣቶቹ ኋላ፣ ከጎድጓዳው በፊት፦
«ከዚህ ወዲያ የሞተ ነው፤
ከዚህ ወዲህ ደም ይደርሳል።
ተረከዝህ ያንተ ነው።»

መስመሯን አየሁት።
እኔም እንዲያ ነው ቆሮሶ የምበልተው፣
ከጉንጩ ኋላ፣ ከክንፉ ሥር፣
ቢላዬ አጥንቱን እየዳሰሰ፣
ሥጋ ሳላባክን፣ እሾህ ሳላስቀር።
«ዶክተር፣ ስል ቢላ ይሁንልሽ፤
ዓሣን የሚያበላሽ የደነዘ ነው» አልኳት።
ሳቀች። እኔ ሳልስቅ ቀረሁ።

ቢላው ስል ነበር፤ የደነዘዝኩት እኔ ነኝ፣
ከወገቤ በታች።
ከአረንጓዴው ጨርቅ ማዶ የመጋዝ ድምፅ፣
ከጨርቁ ወዲህ እኔና ጣሪያው።
አምስት ጣት ናቸው፣ አልኩ ለራሴ፤
ግማሽ ደርዘን እንኳ አይሞሉ።

በማግሥቱ ለሀመሶ በፌስታል ሰጡት፣
«ቅበሩት» ብለው።
ሀመሶ ስንት ፌስታል ተሸክሟል በዕድሜው፣
ይህን ግን በሁለት እጁ ያዘው።
አባ ኮዳዎቹ አጥሩ ላይ ሆነው አንገታቸውን ሲያዞሩ
«ሂዱ! ይሄ የናንተ አይደለም!»
ብሎ ጮኸ አሉ፣ ድምፁ ተሰብሮ።
የእድሩ ጸሐፊ ደብተሩን ቢያገላብጥ
ለግማሽ እግር የተጻፈ የለም።
ጓሮ፣ ከፓፓያው ሥር ቀበሩት፤
ከእኔ ጥቂቱ ቀድሞኝ አፈር ለመደ።

ጀልባዬ ለመድኃኒቱ ተሸጠች።
ጀልባ ሸጦ ተረከዝ ያተረፈ ነጋዴ
እኔን ብቻ ነው የማውቀው።
ሊስትሮው ከጎማና ከስፖንጅ አፍንጫ ሠራልኝ፤
ከውጭ ሲያዩት ሙሉ ጫማ ነው፣
ከውስጥ ግማሹ ወሬ።
ዛሬ በሳጥን ላይ ተቀምጬ እበልታለሁ፤
ደንበኛ ሲበዛ ብድግ እላለሁ፣ ረስቼ፣
መሬቱ ወደፊት ይጎትተኛል፣
ተረከዜ ወደ ኋላ ይይዘኛል።

የሌለው አውራ ጣቴ ሌሊት ያሳክከኛል።
ምንታምር ከአልጋው ጫፍ አየሩን ታክልኛለች፤
አትጠይቁኝ፣ ይሻለኛል።

ከዚያ ግራውን ታገላብጣለች፣
በየጣቶቹ መሃል በባትሪ ታያለች፣
በላባ ትነካዋለች፦ «ተሰማህ?»
አንዳንዴ ይሰማኛል።
አንዳንዴ የእጇን ጥላ ግድግዳው ላይ አይቼ
«ተሰማኝ» እላለሁ።