በሁለት ቢላ

በቫል ደ ኡርዝ መንደር ራዲዮ ያለው አንድ ቤት፣
የዛካሪያሽ ነበር፤ ጢም ያለ ወይን ቤት።
አንድ ድምፅ ከሊዝበን፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣
«ፖርቱጋል» አለን፣ ቃሉን ቆጠብ አድርጎ፣
«ገለልተኛ ናት።»
                    እኛም አጨበጨብን፤
መብራት ጠፋ፤ ወጣን፤ አካፋ ሰበሰብን።

ቀን አጃ ያበቀለው ሌት ሆዱ ይከፈታል፤
ፋኖሱን ጆንያ አልብሶ ሰው መሬት ይመታል።
ጥቁር ነው ድንጋዩ፤ መጠኑ የእንቁላል፣
ክብደቱ ግን ሲይዙት አራስ ልጅ ያህላል።
ቮልፍራም ይሉታል። «ስሙ ውስጥ ተኩላ አለ፣»
ብሎ ነገረን ገዢው፣ ሚዛኑን እየሰቀለ።
ታንክ የሚበሳ ጥይት ጫፉ ከዚህ ነው አሉ፤
እኛ ታንክ አናውቅም፤ በሬ ነው መንደሩ ሙሉ።

ከወንዙ ማዶ ያለው ጉድጓድ የእንግሊዞች፣
ከወንዙ ወዲህ ያለው ጉድጓድ የጀርመኖች።
ታላቅ ወንድሜ ፊርሚኑ ድልድዩን ይሻገራል፤
ዤርቫዚዩ፣ ታናሹ፣ እዚሁ ይቆፍራል።
ማታ ባንድ ገበታ የጎመን ሾርባ ቀርቦ
ይበላሉ፤ የሁለቱም ጥፍር ያንኑ ጥቁር ጠግቦ።
እናቴ ዴልፊና አየች፣ ጭልፋዋን እንደያዘች፤
«በሁለት ቢላ መብላት» አለች፤ ሌላ አልጨመረች።

እኔ አሥራ ሁለት ዓመቴ፤ ፊደል የለየሁ ብቸኛ፤
ስለዚህ ሒሳብ ያዥ ሆንኩ፤ እኔም፣ ገለልተኛ።
ሰማያዊው ደብተር፣ የፊርሚኑ ኪሎ፤
ቡኒው የዤርቫዚዩ፤ ቀኑ ጎኑ ታክሎ።

እሑድ ሁለቱ ገዢዎች ዛካሪያሽ ቤት ይገባሉ፤
ባርኔጣ ከፍ አድርገው በዓይን ይተያያሉ፤
ለየብቻ ተቀምጠው ካንድ በርሜል ይጠጣሉ።
ሰኞ አንዱ ዋጋ ሲጨምር ሌላው እጥፉን ይጨምራል፤
አገራቸው ይተላለቃል፤ የእኛ ጣሪያ ይሠራል።

መንገድ በሌለበት ብስክሌት ተገዛ፤
አጃው ሳይታጨድ ማሳው ላይ ጠነዛ።
ስሙን መጻፍ የማይችለው ፊርሚኑ እንኳ
የወርቅ ብዕር በደረት ኪሱ ላይ ሰካ።
አባ ሲፕሪያኑ በስብከት ስለ ስግብግቦች ተቆጡ፤
ለአዲሱ ደወል ግን ከሁለቱም ጎራ ገንዘብ ይዘው መጡ።

የአክስቴ ልጅ ኦርላንዱ የባሕር ሰው ነበረ፣
ለዓሣ ወደ ሰሜን በየዓመቱ የተሻገረ።
መርከባቸው ነጭ ናት፤ ጎኗ ላይ ባንዲራ
ከሩቅ እንዲታይ ተብሎ በትልቁ ተሠራ፤
ሌሊት በፋኖስ ያበሩታል። «አትንኩን፣ የለንበትም»
ማለት ነው በብርሃን። ባሕር ግን ፊደል አያውቅም።

በመስከረም ደብዳቤ መጣ፤ የተረፉት ሰባት፤
ኦርላንዱ አልተቆጠረም። መርከቧን ማን መታት?
አንዱ ሰርጓጅ መርከብ፣ አንዱ አውሮፕላን አለ፤
ጭጋግ ነበር፤ ምስክሩ በየአፉ ማለ።
«ውኃው ይቀዘቅዛል?» አለች አክስቴ። መልስ አጣን።
ወንድሞቼ ጫማቸውን አዩ፤ እንደቆምን መሸ፤ ወጣን።

ያን ሌሊት ሁለቱን ደብተር አልጋዬ ላይ ዘረጋሁ፤
ሰማያዊውን ገለጥኩ፣ ቡኒውን ገለጥኩ፣ ፈለግሁ፤
የካቲት አሥር፣ ሰባት ተኩል፤ መጋቢት ሁለት፣ ዘጠኝ።
የትኛው መስመር ላይ ነው እሱ? ቁጥር አይነግረኝ።
ለየብቻ ደመርኩት፤ ከዚያ ባንድ ላይ ደመርኩት፤
ሻማው አለቀ። ውጤቱን በጨለማ አነበብኩት።

በከርሞው ከሊዝበን ሌላ ቃል መጣ፦ ይብቃ፣ ይዘጋ።
ገዢዎቹ ሚዛኑን ነቅለው ሄዱ ሳይነጋ።
ጉድጓዱን ዝናብ ሞላው፤ እንቁራሪት ገባበት።
ዤርቫዚዩን ሳል ያዘው፤ ፊርሚኑንም፣ ባንድ ክረምት።
ሐኪሙ ደረታቸውን አዳመጠ፤ ልዩነት አላገኘም፤
የእንግሊዝ ነው የጀርመን፣ አቧራው አይናገርም።
ብዕሩ እኔ ጋ ነው ዛሬ። ቀለም ቀምሶ አያውቅም።

አንድ ድንጋይ ግን እናቴ ሰርቃ ያስቀረችው፣
ለወይራ ማሰሮ ክዳን መጫኛ ያደረገችው፣
እዚያው አለ።
በሰማያዊው የለም። በቡኒውም የለም።
ወይራ ላወጣ ስሄድ በሁለት እጄ አነሣዋለሁ፤
አራስ ልጅ ያህላል።
                    መልሼ አስቀምጠዋለሁ።