ጃንጥላው

ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ከሰው ሁሉ ቀድሜ፣
ስልኬን መስታወት ላይ በፕላስተር አቁሜ፣
ከደሴ ወጥቼ ሐረጎ አፋፍ ስደርስ፣
ሥራዬ ይህቺው ናት፦ የጉም ወሬ ማድረስ።

«ዛሬ ሐረጎ አኩርፋለች፣ ነጠላዋን ተከናንባ፤
ፍሬኑን ያላስፈተሸ፣ እባካችሁ እንዳይገባ።»
«ዛሬ ደግሞ ታርቃናለች፤ ኮምቦልቻም ቁልጭ ብላ
ከታች ትጠቅሰናለች፣ ቆርቆሮዋ ላይ ፀሐይ አዝላ።»
በቃ። ቀልድ አከልሁባት፤ ሰውም ወዶ ተከተለኝ፤
ሰማንያ ሁለት ሺህ ሲያየኝ፣ ሚስቴ ብቻ «ተኛ» አለችኝ።

ታዲያ በምርጫው ሰሞን አንድ ልጅ ደወለ፤
«ወንድም ኑሩ! አድናቂህ ነኝ፣ ዳግማዊ እባላለሁ» አለ።
ድምፁ ቅቤ የጠጣ። «ኮምቦልቻ ስትወርድ፣
ቁርስ አብረን እንቅመስ፣ በወንድም፣ በዘመድ።»

ሆቴል በረንዳ ላይ ጥብስ አዘዘ ሁለት፤
እኔ ሳልጨርሰው እሱ ከፈለበት።
«ምረጡን በል አንልህም፤ ወላሂ!» አለኝ ሲምል፣
ማተቡ ከሸሚዙ ብቅ ብሎ ይታያል፤
«አንተ የሕዝብ ልጅ ነህ፤ ቀልድህን ቀልድ እንዳሻህ፣
ብቻ አንዳንድ ቀን እንኳ ጃንጥላ ይኑር በእጅህ።»

ጃንጥላ ምልክታቸው ነው። ከጠረጴዛው ሥር አወጣት፤
ሰማያዊ፣ እጀታዋ እንጨት፣ የዋጋ ወረቀቷ ሳይነሣላት።
አጠገቧ አዲስ ስልክ፣ ባለ ሦስት ዓይን፣ ከነላስቲኩ፤
በፖስታ የቤንዚን ብር፣ ሳይቆጠር፣ ሳይታወቅ ልኩ።

«ሌላም አለ፣ ትንሽ ነገር» አለ፣ ዝቅ አድርጎ ድምፁን፣
«ያቺን አራተኛዋን መታጠፊያ፣ የተናደውን ጫፉን፣
እስከ ምርጫው ባታሳየው። ይሠራል፣ በጀት ተይዟል፤
እነዚያ ያነሡታል፣ አንተም የነሱ ትመስላል።»

እውነቱን ልናገር፦ አልተቆጣሁም። አልተነሣሁም ከወንበሬ።
ጎማ በዱቤ ወስጃለሁ፤ ሁለት ወር ሞላው ዛሬ።
ስልኩን አገላበጥሁት፤ ጉሙን ከእኔ ዓይን አጥርቶ ያያል፤
«ለሰው ይጠቅማል» አልሁ። ሰው ለራሱ ጥሩ ጠበቃ ያቆማል።

ማክሰኞ። ሰማዩ ብርሌ ነው፣ ጠብታ ደመና የለም፤
ጃንጥላ ዘርግቼ ቆምሁ፣ ስለ እሷ ቃል አልተነፈስሁም።
ቀልዴን ቀለድሁ እንደ ወትሮው። መታጠፊያው ጋ ስደርስ ግን
ስልኬን ቀና አደረግሁት፤ ሰማይ ቀረጽሁ፣ ሰማይን።

በአራት ሰዓት ዳግማዊ፦ «አርባ ሺህ ሰው አየው!
ገባቸው ግን?» አለኝ። «እንጃ፣ ማን ያውቀዋል» አልሁ ሰው።

ማታ ኮምቦልቻ ስጭን፣ ከጨርቃ ጨርቁ ፋብሪካ በር፣
ዘምዘም ገባች ከኋላ፤ ጥቁር ጃንጥላ ይዛ ነበር፤
የተጣጠፈ፣ ደረቅ፣ አንድ ሽቦው የወለቀ።
«ኑሩ» አለችኝ ሳትቆጣ፣ ሳንቲሟን እየቆጠረች፣
«ጧት አንተን አይቼ ነው ይቺን ይዤ የወጣሁ» አለች፤
«ዝናብ ይመጣል ብዬ፣ የጎረቤቴን ተዋስሁ፤
ፀሐዩ እንደዚያ ሲነድ፣ እሷን ተሸክሜ ዋልሁ።
ምን ነካህ? አንተ እኮ አትስትም ነበር።»

ረዳቴ ሳቀ፣ ሰው ሳቀ፣ የእኔም ጥርሴ ብቻ ሳቀች።
ሐረጎን ሽቅብ ስንወጣ መታጠፊያዋ መጣች፤
በርሜል የለ፣ አጥር የለ፣ ጫፏ እንደ ተገመጠ ዳቦ፤
ሁሉም ወደ ውስጥ ተሳበ፣ ትንፋሹን ሰብስቦ።

ቤት ስገባ ደወልሁለት፦ «‹ገባቸው ወይ?› ያልኸኝ ነገር፣
አንዷ ገብቷታል፤ በፀሐይ ጃንጥላ ተሸክማ ነበር።»
አልሳቀም። «ዕቃው…» አለ። «አብሽር፣ ነገ ይደርስሃል።»
ስልኩንም ጃንጥላዋንም ላክሁ። ብሩን ጎማው በልቶታል፤
ይህንን ለማንም አልነገርሁም።

ረቡዕ ጉም ነበረ፣ እጅን የሚያሳጣ። ቀልድ ፈለግሁ፣ አጣሁ።
በአሮጌው ስልኬ፣ በተሰነጠቀው፣ መታጠፊያው ጋ ወጣሁ፤
«ይኸውላችሁ ጫፉ። ተንዷል። ቀስ በሉ» አልሁ፤ ሌላ የለም።
ገና ኮምቦልቻ ሳልደርስ ስልኬ ጮኸ፤ ቁጥሩን አላውቀውም፤
ሌላ ድምፅ ነው፣ ሌላ ቅቤ፦
«ወንድም ኑሩ! አድናቂህ ነኝ።
ቁርስ በልተሃል?»