የጠፋ ዕቃ ክፍል፣ ዊኒፔግ

ከአውቶቡስ ወንበር ስር የተለቀመ ሁሉ
እኔ ዘንድ ይመጣል፤ መደርደሪያው ሙሉ፤
ጃንጥላ፣ መነጽር፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣
በሩን የረሳ ቁልፍ፣ የሙሽራ ልብስ።

በቬሎው ጀመርኩኝ፣ አምስት ሌሊት ጻፍኩ፤
ሙሽሪት አስለቅሼ ሙሽራውን ገደልኩ።
ቀሚሱ ግን ባዶ፣ ውስጡ ሰው አልገባ፤
ልቅሶዋም የውሸት፣ የሽንኩርት እንባ።

ጥር ላይ ነው፣ በረዶ መስኮቱን ሲያለብስ፣
አንድ ጫማ መጣ ካሥራ ስምንት ቁጥር አውቶቡስ፤
የልጅ ነው፣ የግራ፣ በሲባጎ የታሰረ፣
ሶሉ ላይ በእስክሪብቶ «ሰባት» የሰፈረ።

ማነው የሚቆጥረው? ለምንስ በጫማ?
ስምንት አለ ወይ? ልጁስ በዚያ ጨለማ፣
በዚያ ብርድ፣ ባንድ እግሩ እንዴት ወረደ?
ጥያቄው ጥያቄ እያከታተለ ወለደ፤
ሌሊቱ ከነፈረቃዬ ሳላውቀው ነጎደ።

ሐሙስ ዕለት ዳሪና የምትባል እናት መጣች፣
«የልጄ ነው» ብላ ፎርሙን ሞላች።
«ሰባቱስ?» አልኳት፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።
«ዋጋው ነዋ! ሰባት ዶላር።
ከአሮጌ ዕቃ ሱቅ ነው የገዛሁት።»
ሳቀች።
እኔም ሳቅኩ፣ ትንሽ ዘግይቼ።

እውነቷን በፌስታል አንጠልጥላ ወጣች።

የኔው ልጅ ግን አልሄደም።
ፖርቴጅ ጎዳና ላይ ባንድ እግሩ እየዘለለ
የቤት ቁጥር ያነባል።
ከመደርደሪያው ላይ ያን ቁልፍ አንስቼ
ኪሱ ከትቼለታለሁ፤
ስምንተኛው በር ላይ ቆሟል አሁን፣
ቁልፉ ግማሽ ዞሯል፣
ከውስጥ ሰው ያስላል፤

ማን እንደሆነ
እኔም ገና አላወቅሁ።